ግድባችሁ መብራትም ሊሰጥ ይችላል፤ አስቀድማችሁ ግን ለኩ



በአካባቢያችሁ ለመጠጥ ወይም ለመስኖ ተብሎ የተሠራ ግድብ አለ እንበል። ከተሠራ ቆይቷል። ውኃው በቱቦ ይወርዳል። ሰው ይቀዳል፤ ከብት ይጠጣል፤ ሽንኩርቱና ድንቹ ይለማል። ማታ ሲሆን ግን ቤቱ ሁሉ ጨለማ ነው። ልጆች በኩራዝ ያጠናሉ። እህል ለማስፈጨት እናቶች ሩቅ መንገድ ይሄዳሉ። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እንደሚባለው ነው ነገሩ። ጉልበት ያለው ውኃ በደጃችን ያልፋል፤ እኛ ግን በጨለማ እንቀመጣለን።

ታዲያ ከዚሁ ከቆየው ግድብ መብራት ማውጣት ይቻላል? አዎን፣ በብዙ ቦታ ይቻላል። በሁሉም ቦታ ግን አይቻልም። የሚቻልበትን ከማይቻልበት የሚለየው ወሬ ሳይሆን ልኬት ነው። ልኬቱ ደግሞ ከባድ አይደለም። ሰዓት፣ ገመድ፣ የላስቲክ ቱቦና ማባዛት የሚችል ሰው ይበቃሉ። ሳይለካ ገንዘብ ያዋጣ ማኅበር ግን ኋላ ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሆንበታል።

ውኃ ጉልበቱን ከየት ያመጣል?

የውኃ ወፍጮ ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ውኃው ከላይ ይወርዳል። መዘውሩን ይመታል። መዘውሩ ሲዞር ድንጋዩ ይዞራል፤ እህሉ ይፈጫል። ውኃው ግን አላለቀም። ከመዘውሩ ሥር ወጥቶ መንገዱን ይቀጥላል። ወፍጮው የወሰደው ውኃውን አይደለም፤ የአወራረዱን ጉልበት ነው።

የኤሌክትሪኩም ነገር እንደዚሁ ነው። በድንጋዩ ፈንታ ሌላ መሣሪያ ይዞራል። ውኃው የሚመታው መዘውር ተርባይን ይባላል። ከተርባይኑ ጋር የተያያዘው፣ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያወጣው መሣሪያ ጀነሬተር ይባላል። ከጀነሬተሩ በሽቦ ወደ ቤት፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ጤና ኬላ ይሄዳል።

አሁን በብዙ ግድቦች ሥር ምን እንደሚሆን ልብ በሉ። ውኃው ከግድቡ በታች በኃይል ይወጣል። ይጮኻል፤ አረፋ ይደፍቃል፤ ድንጋይ ይቦረቡራል። መሐንዲሶች ይህን ጉልበት ለማብረድ ሲሉ የሲሚንቶ ገንዳ ይሠሩለታል። ያ ጩኸትና ያ አረፋ እኮ የባከነ ጉልበት ነው። ተርባይን ማለት ያንን ጉልበት ሥራ ማስያዝ ማለት ነው።

ኤሌክትሪክ ውኃ ይጨርሳል ወይ?

ብዙ ገበሬዎች «ለመብራት ከሰጠን ለማሳችን ምን ይተርፈናል?» ብለው ይጠይቃሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ከአገራችን ወንዝ ከአዋሽ እንመልከት።

የቆቃ ግድብ ሥራ የጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 ነው። ውኃው በቆቃ ተርባይን አዙሮ ይወጣል። ከቆቃ በታች የወንጂ የሸንኮራ አገዳ ማሳ ከአዋሽ ይጠጣል። ወንዙ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ በ1966 ሥራ የጀመረውን አዋሽ ሁለተኛን ያዞራል። ከእሱም ወርዶ በ1971 ሥራ የጀመረውን አዋሽ ሦስተኛን ያዞራል። ከዚያም በታች ሌሎች እርሻዎችን ያጠጣል። አንድ ወንዝ ሦስት ቦታ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ማሳም ያጠጣል። እንግዲህ ተርባይን ውኃ አይጨርስም።

ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ተርባይን ውኃ አይጨርስም እንጂ መንገድ ሊያስቀይር ይችላል። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ አስታውሱ። ከጣና የሚወጣው ውኃ ለኤሌክትሪክ በሌላ ቦይ እንዲሄድ ሲደረግ ፏፏቴው ሳስቷል። ውኃው አልጠፋም፤ በድሮ መንገዱ ግን አልሄደም። ስለዚህ የእናንተም ውኃ ከግድቡ ወጥቶ ተርባይኑን ካዞረ በኋላ ወደ ድሮው ቱቦ ወይም ወደ ድሮው ቦይ መመለስ አለበት። በመካከል ከብት የሚጠጣበት ወይም ሰው የሚቀዳበት ቦታ ካለ ደረቅ ሆኖ መቅረት የለበትም። ይህ ከመጀመሪያው በግልጽ መነገር ያለበት ነገር ነው።

ሁለቱ ልኬቶች

የውኃ ጉልበት ከሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው ውኃው ከምን ያህል ከፍታ እንደሚወርድ ነው። ሁለተኛው በየሴኮንዱ ስንት ሊትር እንደሚወርድ ነው። ትንሽ ውኃ ከረጅም ከፍታ ቢወርድ ብዙ ጉልበት አለው። ብዙ ውኃ ከአጭር ከፍታ ቢወርድም ጉልበት አለው። ሁለቱም ትንሽ ከሆኑ ግን ብዙ አትጠብቁ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በሴኮንድ የሚወርደውን ሊትር በሜትር ከተለካው ከፍታ ጋር አባዙ። የመጣውን በ5 አባዙ። መልሱ በዋት የሚቆጠር የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። አንድ ሺህ ዋት አንድ ኪሎ ዋት ይባላል።

«ለምን በ5?» ትሉ ይሆናል። ውኃው በሙሉ ጉልበቱ ቢሠራ ኖሮ ወደ 10 በተጠጋ ነበር የምናባዛው። ነገር ግን ከጉልበቱ ከፊሉ በቱቦው መተሻሸት ይጠፋል። ከፊሉ በተርባይኑ፣ ከፊሉ በጀነሬተሩ፣ ከፊሉ በሽቦው ይጠፋል። ጥሩ መሣሪያ ከግማሽ በላይ ያተርፋል። ለመጀመሪያ ግምት ግን ግማሹን መያዝ ይሻላል። ከጠበቁት በላይ ማግኘት ጉዳት የለውም።

ከፍታውን እንዴት እንለካለን?

ግንበኞች ውኃ ልክ የሚሉትን ታውቃላችሁ። ውኃ በቱቦ ውስጥ ሲሆን በሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆማል። በዚህ ዘዴ ከፍታ ይለካል።

ውስጡ የሚታይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ውሰዱ። ውኃ ሙሉበት። የአየር አረፋ እንዳይኖርበት ተጠንቀቁ። አንዱ ሰው የቱቦውን ጫፍ በሐይቁ የውኃ ወለል ልክ ይያዝ። ሌላው ሰው በሜትር የተሠመረ ረጅም እንጨት ይዞ ወደ ቁልቁለቱ ይውረድ። በሁለተኛው ጫፍ ያለው ውኃ እንጨቱ ላይ የቆመበትን ቁጥር አንብቡ፤ ጻፉት። ከዚያ የላይኛው ሰው የታችኛው እንጨቱን ወዳቆመበት መሬት ይውረድ፤ ከዚያ ይቀጥሉ። ተርባይኑ የሚቀመጥበት ቦታ እስክትደርሱ እንዲህ አድርጉ። የጻፋችኋቸውን ቁጥሮች ሁሉ ደምሩ። ድምሩ ከፍታው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከፍታው የሚለካው ከግድቡ ጫፍ አይደለም፤ ከውኃው ወለል ነው። የውኃው ወለል ደግሞ በበጋ ዝቅ ይላል። በመስከረም 18 ሜትር የነበረው በግንቦት 12 ሜትር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውኃው ዝቅ ባለበት ወቅት ለኩ።

የውኃውን መጠን እንዴት እንለካለን?

ውኃው ትንሽ ከሆነና በቱቦ የሚወጣ ከሆነ በርሜል ይበቃል። ብዙውን ጊዜ በርሜል 200 ሊትር ይይዛል። ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ ቁጠሩ። በ20 ሴኮንድ ከሞላ፣ 200 ለ20 ሲካፈል 10 ነው። በሴኮንድ 10 ሊትር ይወርዳል ማለት ነው።

ውኃው ብዙ ከሆነና በቦይ የሚሄድ ከሆነ ሌላ ዘዴ አለ። ወርዱ፣ ርዝመቱና ቁመቱ 10፣ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ልክ 1 ሊትር ይይዛል። እንግዲህ ቦዩን በዚህ ሣጥን እንቁጠረው።

ቀጥ ያለ፣ ወርዱ የማይለዋወጥ ቦይ ምረጡ። ወርዱ 1 ሜትር ቢሆን 10 ሣጥን ነው። የውኃው ጥልቀት 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 2 ሣጥን ነው። ከዚያ 10 ሜትር ለክታችሁ በሁለቱም ጫፍ ካስማ ትከሉ። ከላይ ደረቅ እንጨት ጣሉ። እንጨቱ ከካስማ ወደ ካስማ በ25 ሴኮንድ ደረሰ እንበል። 10 ሜትር 100 ሣጥን ነው። 100 ለ25 ሲካፈል 4 ነው። ውኃው በሴኮንድ 4 ሣጥን ይሄዳል። አሁን አባዙ፤ 10 ሲባዛ በ2፣ ሲባዛ በ4፣ 80 ሊትር። ነገር ግን ከላይ ያለው ውኃ ከሥር ካለው ይፈጥናል። ከሥር ያለው ከመሬቱ ጋር ይተሻሻል። ስለዚህ ሩቡን ቀንሱ። 60 ሊትር ይቀራል።

አንድ ቀን ብቻ መለካት አይበቃም። በክረምት ሁሉም ወንዝ ዓባይ ነው። በብዙ ደጋና ወይና ደጋ አገራችን ውኃ የሚያንሰው ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። በየሳምንቱ አንድ ቀን ለኩ፤ ቀኑንም ቁጥሩንም በደብተር ጻፉ። ዓመት ሲሞላ ደብተሩ እውነቱን ይናገራል። «ዘንድሮ ውኃው አነሰ፣ አምና ደህና ነበር» እያልን በመላ ከመነጋገር፣ የተጻፈውን ማንበብ ይሻላል። መሐንዲስ ሲመጣም በመጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህን ደብተር ነው።

የተገኘው ኃይል ምን ይሠራል?

አሁን ሒሳባችንን እናንሣ። በበጋ ከፍታው 12 ሜትር፣ ውኃው በሴኮንድ 60 ሊትር ይሁን። 60 ሲባዛ በ12፣ 720 ነው። 720 ሲባዛ በ5፣ 3600 ነው። 3600 ዋት፣ ማለትም 3 ኪሎ ዋት ከግማሽ ጥቂት በለጥ ይላል።

ይህ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? እንደ አጠቃቀሙ ነው።

በዛሬ ጊዜ 7 ዋት ብቻ የሚበላ፣ ክፍሉን በደንብ የሚያበራ አምፖል አለ። አንድ ቤት ሦስት አምፖል ቢያበራ 21 ዋት ይፈልጋል። 3600 ለ21 ሲካፈል ከ170 በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ይህ ትንሽ ውኃ 150 ቤቶችን ያበራል፤ ከዚያም አልፎ ለትምህርት ቤቱና ለስልክ መሙያ ይተርፈዋል።

በሌላ በኩል ደግሞ አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ያህል ይፈልጋል። አያችሁ? አንድ ሰው ምጣዱን ቢጥድ የ150 ቤት መብራት ይጠፋል። የእህል ወፍጮም እንደ መጠኑ ይለያያል እንጂ 10 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ የሚፈልግ ብዙ ነው። ስለዚህ ይህ ግድብ በበጋ ወፍጮ አያዞርም።

መስኖ በሚለቀቅበት ጊዜስ? ከፍታው ያው 12 ሜትር ሆኖ ውኃው 200 ሊትር ቢደርስ፣ 200 ሲባዛ በ12፣ ሲባዛ በ5፣ 12000 ዋት ይሆናል። 12 ኪሎ ዋት ነው። መሣሪያው ለዚህ የሚበቃ ሆኖ ከተመረጠ ያን ጊዜ ቀን ቀን ትንሽ ወፍጮ ማዞር ይቻላል። ማኅበሩ ከመጀመሪያው ማወቅ ያለበት ይህንን ነው። «መብራት ይመጣል» ማለት «ሁሉም ነገር ይሠራል» ማለት አይደለም። ያልተባለውን የጠበቀ ሰው ኋላ መዋጮውን ያቆማል። መዋጮ የቆመበት ተርባይን ደግሞ በዝገት ያልቃል።

ለመጠጥ ነው ወይስ ለመስኖ?

ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። የመጠጥ ውኃ ቀንም ሌሊትም ይወርዳል፤ በታች ያለውን ታንከር ይሞላል። በበጋም አይቋረጥም። ስለዚህ ለኤሌክትሪክ ይመቻል። የመስኖ ውኃ ግን ብዙውን ጊዜ የሚለቀቀው ቀን ነው። መብራት የሚፈለገው ደግሞ ማታ ነው። ለመብራት ብላችሁ ማታ ውኃ ብትለቁ፣ ማሳ የሚያጠጣው ሰው ተኝቷል፤ ውኃው በከንቱ ይፈሳል። ይህን የሚያስታርቅ አንድ መንገድ አለ። ማታ የተለቀቀውን ውኃ የሚይዝ ኩሬ ከታች መሥራት ነው። በጎጃም በመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ እንዲህ ያሉ የሌሊት ማጠራቀሚያዎች አሉት። ማታ የወረደው ጠዋት ማሳ ያጠጣል።

ለመጠጥ በተሠራ ግድብ ኤሌክትሪክ ማውጣት በሌላም አገር የተለመደ ነው። በደቡብ አፍሪካ የብሉምፎንቴን ከተማን ውኃ የሚያቀርበው ድርጅት፣ በፈረንጆች 2015፣ ውኃው ወደ ማጠራቀሚያው በሚገባበት ቱቦ ላይ 96 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ትንሽ ተርባይን አቁሟል። ከዚያ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ለድርጅቱ ለራሱ መሥሪያ ቤት ይውላል። በስዊዘርላንድ ተራሮች ደግሞ ብዙ መንደሮች ከምንጭ የሚወርደውን የመጠጥ ውኃቸውን ወደ ቤታቸው ከመግባቱ በፊት ተርባይን ያዞሩበታል። ሌሶቶም ከካትሴ ግድብ ለደቡብ አፍሪካ የምትሸጠውን ውኃ በመንገዱ ላይ ሙኤላ በሚባል ቦታ ተርባይን አሳልፋ ትልካለች። ሙኤላ 72 ሜጋ ዋት ይሰጣል። አንድ ሜጋ ዋት አንድ ሺህ ኪሎ ዋት ነው። ውኃውም ይሸጣል፤ መብራቱም ይበራል።

በእኛም አገር ትናንሽ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች እንግዳ አይደሉም። በባሌ የያዶት ማመንጫ 350 ኪሎ ዋት ብቻ ነው። በሲዳማ ደግሞ በጎቤቾ ትንሽ ወንዝ የመንደር መብራት ሰጥቷል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በፈረንጆች 2025 ተመርቋል። ነገር ግን የትልቁ ግድብ ሽቦ ወደየመንደሩ በአንድ ቀን አይደርስም። ትንሹም በቦታው ዋጋ አለው።

መሣሪያው ሲተከል የማይረሱ አምስት ነገሮች

አንደኛ፣ የግድቡን ገላ አትንኩ። በተለይ የአፈር ግድብ ከሆነ አትቦርቡሩት፤ አዲስ ቱቦ አታሳልፉበት። ውኃ በቱቦው ጎን ሾልኮ አፈሩን እየበላ ግድቡን ሊንድ ይችላል። ከታች ያለ ሰውና ከብት ያልቃል። ተርባይኑ የሚገጠመው ግድቡ ሲሠራ በተተከለው የድሮ ቱቦ ጫፍ ላይ ነው። ይህንንም ያለ መሐንዲስና ያለ ግድቡ ባለቤት ፈቃድ አታድርጉ። ፈቃዱን በወረዳችሁ የውኃ ጽሕፈት ቤት ጀምሩ።

ሁለተኛ፣ ለውኃው ሌላ መንገድ ይኑረው። ተርባይኑ ሲበላሽ ወይም ሲጠገን ውኃው መቆም የለበትም። ከጎኑ ሌላ ቱቦና መክፈቻ ይደረግለታል። መብራት ቢጠፋ ሰው ኩራዝ ያበራል። ውኃ ቢጠፋ ግን ምን ይጠጣል?

ሦስተኛ፣ መክፈቻውን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፤ ቀስ ብላችሁ ዝጉ። በቱቦ የሚሮጥ ውኃ በድንገት ሲዘጋበት እንደ መዶሻ ይመታል። ጠንካራ ቱቦ እንኳ ይፈነዳል።

አራተኛ፣ ከቱቦው አፍ ላይ የብረት ወንፊት ይደረግ። ቅጠልና ጭራሮ ተርባይኑ ውስጥ ከገባ ይሰብረዋል። ወንፊቱ በየጊዜው ይጠረግ።

አምስተኛ፣ ውኃው ከተርባይኑ በኋላ ሽቅብ መውጣት ካለበት ተጠንቀቁ። የመጠጥ ውኃ ቦኖ ኮረብታ ላይ ከሆነ፣ ውኃውን ወደዚያ የሚገፋው ያው የአወራረዱ ጉልበት ነው። ተርባይኑ ጉልበቱን ከበላው ውኃው ቦኖው ጋ አይደርስም። ስለዚህ ለተርባይን የሚሰጠው ከዚያ የተረፈው ከፍታ ብቻ ነው። መሣሪያውም ለመጠጥ ውኃ የሚስማማ፣ ዘይትና ግሪስ ወደ ውኃው የማያፈስ መሆን አለበት።

ስለ ዋጋው አንድ ነገር እንጨምር። ልዩ ተርባይን መግዛት ውድ ሲሆን፣ የተለመደውን የውኃ ፓምፕ ወደ ኋላ አዙሮ እንደ ተርባይን መጠቀም ይቻላል። በብዙ አገር ተሠርቶበታል። ፓምፑ ግን ለከፍታውና ለውኃው መጠን የሚስማማ መሆን አለበት። ለዚህም ደብተራችሁ ያስፈልጋል።

ደለል ሁለቱንም ይገድላል

ግድብ ማለት ቦታ ማለት ነው። ውኃ የሚቀመጥበት ቦታ። ቦታውን አፈር ከያዘው ለመጠጥም ለመስኖም ለመብራትም የሚሆን ውኃ የለም። ጎንደር ከተማ የምትጠጣበት የአንገረብ ግድብ ደለል እያስቸገረው ኖሯል። በአዲስ አበባ አጠገብ በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ 6 ሜጋ ዋት ተኩል ያህል የሚሰጥ ነው። እሱም ሥራ ካቆመ በኋላ ለብዙ ዓመታት ዝም ብሎ ቆይቷል። ታድሶ ሥራ የጀመረው በፈረንጆች 2016 ነው።

ደለሉ ከየት ይመጣል? ከእኛው ማሳና ከእኛው ተራራ ነው። ከግድቡ በላይ ያለው ገበሬ እርከን ካልሠራ፣ ዳገቱን ከላይ ወደ ታች ካረሰ፣ ግጦሹን ካላሳረፈ፣ በክረምት የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን ይዞ ሐይቁ ውስጥ ይደፋዋል። ስለዚህ የታችኛው ሰው መብራት በላይኛው ሰው እርከን ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከላይ ላለው ገበሬ መብራት ሳይደርሰው «እርከን ሥራ» ብቻ ማለት ፍርድ አይደለም። ሽቦው ለእሱም መድረስ አለበት፤ ካልሆነም ከመዋጮው ሌላ ጥቅም ሊያገኝ ይገባል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው ሁሉም ሲያገኝ ነው።

ማን ይጠብቀዋል?

ተርባይን እንደ በሬ ነው። ካላበሉትና ካላሳረፉት አይሠራም። ኩሽኔታው ግሪስ ይፈልጋል። ቺንጋው ይላላል፤ ይበጠሳል። ወንፊቱ ይደፈናል። ስለዚህ ከመንደሩ ሁለት ሰዎች፣ ቢቻል አንዷ ሴት፣ ይሠልጥኑ። ለድካማቸው ይከፈላቸው። ሁሉም ቤት በየወሩ ጥቂት ያዋጣ። ገንዘቡ ለጥገና ይቀመጥ። የተዋጣውም የወጣውም በመዝገብ ይጻፍ፤ በስብሰባ ላይ ይነበብ። ማንበብ የሚችል ሰው በበዛበት መንደር ገንዘብ አይጠፋም።

ሽቦውን በተመለከተ ጥብቅ ሁኑ። ማንም ሰው በራሱ እጅ ሽቦ አይቀጥል። ኤሌክትሪክ አይታይም፤ ግን ይገድላል። በእርጥብ እጅ አትንኩት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የውኃው ተራ በመተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ። መጀመሪያ ሰው ይጠጣል። ቀጥሎ ከብት ይጠጣል። ከዚያ ማሳ። መብራት ከእነዚህ በኋላ ነው። በደህና ዓመት ሁሉም ይስማማል። ዝናብ ሲጠፋ ነው ጠብ የሚነሣው። ያን ጊዜ ያልተጻፈ ደንብ አያስታርቅም።

ልኬቱ ትንሽ ሆኖ ቢገኝስ? ከፍታው 3 ሜትር፣ ውኃውም በሴኮንድ 8 ሊትር ቢሆን፣ 3 ሲባዛ በ8፣ ሲባዛ በ5፣ 120 ዋት ነው። ስድስት ቤት እንኳ በቅጡ አያበራም። ያን ጊዜ ገንዘባችሁን አታባክኑ። በፀሐይ የሚሠራ መብራት ይሻላችኋል። ትልቁ የኤሌክትሪክ መሥመር በቅርብ የሚያልፍ ከሆነም ከእሱ መቀጠል ሊረክስ ይችላል። አይሆንም የሚል መልስም መልስ ነው። በገመድና በደብተር የተገኘ «አይሆንም» ምንም አላስወጣም። መሣሪያው ከተገዛ በኋላ የሚመጣ «አይሆንም» ግን ስንት በሬ ያስሸጣል።

ሒሳብ ሥሩ

በቡድን ሆናችሁ ሥሩ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነጋገሩበት።

1. አንድ ግድብ በበጋ 15 ሜትር ከፍታ አለው። ውኃው በሴኮንድ 40 ሊትር ነው። ስንት ዋት ይሰጣል?

2. እያንዳንዱ ቤት 21 ዋት ቢፈልግ፣ ይህ ግድብ 140 ቤቶችን ማብራት ይችላል?

3. በዚህ መንደር ሦስት ሰዎች የኤሌክትሪክ ምጣድ ለመግዛት ፈለጉ። ማኅበሩ ምን ይበላቸው?

4. በእናንተ አካባቢ ውኃ የሚያንሰው በየትኛው ወር ነው? በዚያ ወር ማን ይለካል? ማን ይጽፋል?

የመጀመሪያው መልስ 3000 ዋት ነው። ሁለተኛው መልስ፣ ይችላል፤ የሚተርፈው ግን 60 ዋት ብቻ ነው። ሦስተኛውንና አራተኛውን መመለስ የእናንተ ፈንታ ነው።